ኡስታዝ ጋሊብ የሣሏቸው ፊደሎች

አማን ከተማ፣ ተላዕ አል-ዓሊ በሚባለው ሰፈር፣ በማጸዳው ክሊኒክ በር ላይ በቅርቡ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከዐረብኛው ሥር በአማርኛ «እባክዎ ተራዎን ተቀምጠው ይጠብቁ» ይላል። የመስታወት መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ፤ ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ እግሩ ሥር ብቻ ወፈር የሚለውን ያን ፊደል ገና ሳላነበው አውቄው ነበርና። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፊቴ ጋለ። ያን ፊደል የሣሉት ኡስታዝ ጋሊብ ናቸው፤ ኮሮና በገባ ጊዜ፣ ገና ልጅነቴ ሳይለቀኝ፣ ጀበል አማን ባለው ቤታቸው ስሠራ ነበር።

ኡስታዝ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ሩላ የምትኖረው ዱባይ ነው። በወጣትነታቸው መሀል ከተማ የሱቅ ሰሌዳ በብሩሽ ይጽፉ ነበር፤ ኋላ ለማተሚያ የሚሆን የዐረብኛ ፊደል ሣሉና በሚስታቸው ስም «ኢንሳፍ» አሉት። ኢንሳፍ በጋዜጣው፣ በአውቶቡሱ፣ በመድኃኒት ቤቱ፣ በዳቦው ፌስታል ላይ ሳይቀር አለ። የሰዓት እላፊው ሳይረን ጮሆ ከተማው ጸጥ ሲል፣ እኔ ከሱቅ የመጣውን ዕቃ ሁሉ በክሎር አብሳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔን ሳያምኑ እንደገና ያብሳሉ። አንድ ቀን የዳቦውን ፌስታል አሽተው አሽተው የገዛ ፊደላቸውን አጠፉትና፣ ባዶውን ፌስታል ከፍ አድርገው እያዩ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ለኢንሳፍ የሐበሻ ፊደል እንዲጨምሩላት አዘዛቸው። «ፊደል ቤተሰብ ነው» ይሉኝ ነበር፣ «ቀጭኗ አለች፣ መካከለኛው አለ፣ ወፍራሙ አጎት አለ፤ የሁሉም ደም አንድ መሆን አለበት።» ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥረው ትልልቅ ወረቀቶችን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀሉ። ቤቱ የእርሳስ ፍርፋሪና የሄል ሽታ ይሸታል፤ እኔም በተሰጣው ፊደል ሥር ጎንበስ እያልኩ እወለውላለሁ።

«ያ ሐያት፣ ይሄ የአገርሽ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «ነይ አንብቢልኝ፤ የትኛው ፊደል ዓይን ያስቸግራል?»

ማንበብ አልችልም ነበር። እናቴ ስትታመም የመጀመሪያ ልጅ እኔ ስለሆንኩ ታናናሾቼን ያዝኩ፤ ትምህርት ቤት የማውቀው ወንድሜን አዝዬ በአጥሩ በኩል ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ስልኬን እንኳ በድምፅ መልእክት ነበር የምጠቀመው። ወረቀቱን አየሁ፣ ወረቀቱም አየኝ። «ዓይኔን ያመኛል» አልኳቸው።

እሳቸው የዋህ ሰው ናቸው። ሄደው የሟች ሚስታቸውን መነጽር ይዘው መጡና በሸሚዛቸው ጫፍ አጽድተው ዓይኔ ላይ አደረጉልኝ። ገመዱም ወረቀቱም ሳሎኑም ዞረብኝ። እሳቸው እርሳሳቸውን ይዘው በጉጉት ይጠብቃሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ኡስታዝ፣ መነጽሩ አይደለም» አልኩና እንባዬ መጣ። «አልተማርኩም። ማንበብ አልችልም።»

መነጽሩን ከዓይኔ ላይ አወለቁልኝ። ከዚያ ፊታቸው እንደኔው ቀላ። «ዓይቡ የኔ ነው፣ ያ ቢንቲ» አሉ፣ «ነውሩ የኔ ነው፣ ልጄ። ሳልጠይቅሽ እንደምታውቂ አድርጌ ያዝኩሽ። እኔም እኮ እሥላቸዋለሁ እንጂ አንዷንም አላነብም። ድምፃቸውን አላውቀውም።»

ድምፁንስ አውቀው ነበር። ልጆቹ በዜማ ሲሉት ከአጥር ውጭ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ወንድሜንም የማስተኛው በዚያው ነበር። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብዬ ቀስ ብዬ ጀመርኩ። ኡስታዝ ተነሡ፤ ወረቀቶቹ በተራቸው ነበር የተሰቀሉት፤ እኔ በዜማ ስል እሳቸው በእርሳስ እየጠቆሙ ከገመድ ገመድ ሄድን። ያን ለት ከሰዓት እድሜ ልኬን በአፌ ስሸከመው የኖርኩትን ፊደል በዓይኔ አየሁት።

ከዚያ ወዲያ የሻይ ሰዓታችን የፊደል ሰዓት ሆነ። በወፍራሙ ፊደል ላይ «ሰ»ን «ለ» ብዬ ስጠራ ያፍሩብኛል ብዬ እሸማቀቃለሁ፤ እሳቸው ግን «ስሕተትሽን አትደብቂብኝ፤ አንቺ የተሳሳትሽበት ቦታ እኔ የተሳሳትኩበት ነው» ብለው ፊደሉን እንደገና ይሥሉታል። በጋው እንዲህ አለፈ። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ የተደሰትኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ጠዋት ከኩሽና ጠሩኝ። ሽርጤን እንደታጠቅኩ፣ እጄ አረፋ እንደሆነ መጣሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የድርጅቱ ሰዎች በየሳጥናቸው ተደርድረዋል። ኡስታዝ ትከሻቸው በኩራት ከፍ ብሎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉና ሁሉም አጨበጨቡ። ምን እንዳሉ አልገባኝም ነበር፤ ከመሐላቸው አንዱ የአገሬ ሰው ሆኖ፣ በአማርኛ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «ጎበዝ እህቴ! እስካሁን አንድ ፊደል አትለዪም ነበር አሉን፤ እንዴት ደስ ይላል!» እስኪለኝ ድረስ። ፈገግ አልኩ። እጅ ነሳሁ። ኩሽና ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ።

አመሻሽ ላይ ኡስታዝ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ስኒያቸውን ራሳቸው አጠቡ፤ አድርገውት አያውቁም። «በሥራዬ የኮራሁ መስሎኝ ነበር» አሉ፣ «ለካ አንቺን ገላልጬ ነው ያሳየሁት። አፉ በይኝ።»

«ምንም አይደለም ኡስታዝ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ግን አላመኑኝም መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ወረቀት ሲያሳዩኝ ድምፃቸው ዝግ ይል ነበር፣ በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ።

ክረምቱ ሲገባ ኮሮናው ያዛቸው። አምቡላንሱ ገደላማው መንገድ አላስወጣው ብሎ በደረጃው በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው፤ አልተመለሱም። ለቅሶ መቀመጥም ተከልክሎ ነበር። ሩላ አየር መንገዱ ሲፈቅድላት መጣች። ደግ ናት፤ አባቷ ስለኔ ብዙ ነግረዋታል። ቤቱ ሊሸጥ ነውና ዕቃ እያስወጣን ሳለ ክንዴን ይዛ «ሐያት፣ ለማስታወሻ የምትፈልጊውን ውሰጂ፤ ማንኛውንም» አለችኝ።

ወረቀቶቹ ገና በገመዱ ላይ ነበሩ። የፈለግኩት እነሱን ነው። ግን እነሱን ብል «ምን ያደርጉልሻል?» ትለኛለች፣ ለመመለስ ደግሞ ፊደል ያልቆጠርኩ መሆኔን ከመጀመሪያው አንስቼ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያ ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። «ታንጀራውን» አልኳት፣ ያን የሚያፏጨውን ድስት።

ሩላ ሳቀችና አቅፋኝ ሰጠችኝ። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ የፈታኋቸው፣ ወረቀቱን ጠቅልዬ በጥቁር ከረጢት የከተትኩት፣ በደረጃው ወርጄም ቆሻሻ መጣያው ገንዳ ውስጥ ያኖርኩት እኔው ነኝ፤ ሥራዬ ነበርና። ታንጀራው እስከ ዛሬ አለኝ። ምስር ቶሎ ያበስላል።