ፀሐይ እስክትጠልቅ የቆየው ዋንጫ

የዚያን የኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ውድድር ፍጻሜ ውጤት እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በአንድ ነጥብ ያሸነፍን ይመስለኛል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ግን ባለፈው ሰሞን በልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አግኝቶኝ፣ «በሦስት ነው እንጂ፣ ቲቸር!» ብሎ ተከራከረኝ። እሱም እኔም አርጅተናል። ሜዳው በነበረበት ቦታ ሕንፃ ከቆመ ቆይቷል፤ ሄጄ ቆሜበት ትዝታዬን የምፈትንበት እንኳ የለም። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እንዳልሆንኩ እየተናገርኩ እጽፈዋለሁ።

ጊዜው በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የተገጣጠሙበት ዓመት ነበር። በልደታ ማርያም አቅራቢያ ባለ አንድ አነስተኛ ኮሌጅ ሒሳብ አስተምር ነበር፤ በወጣትነቴ ጥቂት ተጫውቻለሁ ብዬ በመናገሬም የወንዶቹ ቡድን አሠልጣኝ ተደርጌ ነበር። አምበላችን ከወሎ የመጣ፣ ቁመቱ የረዘመ፣ ንግግሩ ያጠረ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ቡድኑ ባለፉት ሁለት ዓመታት ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ሲሸነፍ እሱ ሜዳ ውስጥ ነበር። ሲመረቅ ወደ ሌላ ከተማ በመምህርነት ሊመደብ ነበር።

«ቲቸር፣ የምሄድበት ከተማ ቅርጫት እንጂ ቅርጫት ኳስ የለም» አለኝ በጨዋታው ዋዜማ። «ለእኔ ነገ የመጨረሻዬ ነው።»

ጨዋታው የተያዘው ለረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። የሁለቱም ቡድን ልጆች አብዛኞቹ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ አይቀምሱም። እኔና የተጋጣሚያችን አሠልጣኝ አዘጋጆቹን ለምነን ወደ አሥር ሰዓት አስገፋነው። አምበላችንንና እንደ እሱ ረመዳን የሚጾመውን ኳስ አቀባያችንን አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበር። አምበሉ፣ «ለእኛ ሰባትም አሥርም ያው ነው፤ እነሱ ይብሉ» አለ።

በሉ። ያልገመትነው ይህንን ነበር። የኮሌጁ ካፌ ምግብ አብሳይ፣ ልጆቹ በባዶ ሆዳቸው ሲዘሉ ይወድቃሉ ብለው ሰግተው ኖሮ፣ የሱፍ ፍትፍትና ሽሮ በትሪ በትሪ አሰናድተው ጠበቁን።

«እትዬ፣ እባክዎ ጥቂት ብቻ ይስጧቸው» አልኳቸው።

«እርስዎ ሒሳብዎን ያስተምሩ፤ ሆዱን ለእኔ ይተዉት። ብሉ ልጆቼ!»

ከማታ ጀምሮ የጾመ ወጣት እንዲህ ያለ ትሪ ሲቀርብለት አሠልጣኙን አይሰማም። ተጋጣሚዎቻችን ዳቦ በሻይ ብቻ ቀምሰው እንደመጡ የሰማሁት ሜዳ ከደረስን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባይነሳ ይሻለኛል። መሐል ተጫዋቻችን ከቅርጫቱ ሥር ተነሥቶ ሜዳውን ሲያጋምስ ኳሱ ተመልሶ ያልፈው ነበር።

«ዳኛ! ትራስ አምጣላቸው!» ይላል አንዱ ተመልካች።

«ተዋቸው፣ ሽሮው ገና እየወረደ ነው!» ይላል ሌላው።

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ መሬት ላይ ተዘረሩ። ስንት ለስንት እየተመራን እንደነበር አላስታውስም፤ ብዙ ነበር። መሐል ተጫዋቻችን ሆዱን ይዞ፣ «አምበል፣ ይቅር በለኝ፤ ሁለተኛውን ትሪ መንካት አልነበረብኝም» አለ።

አምበሉ አልሳቀም። ከንፈሩ በድርቀት ነጭ ሆኗል። «ሦስታችሁ ከእኛ ቅርጫት ሥር አትነቃነቁ» አለ። «እጃችሁን ብቻ ዘርጉ፤ ማንም አይግባ። ኳሱን ስታገኙ ለእኛ ወርውሩ። ሩጫው የእኔና የእሱ ነው።»

«ውሃ ሳትቀምስ? ብትወድቅስ?» አልኩት።

«ስወድቅ ይቀይሩኛል፣ ቲቸር። ከዚያ በፊት እንዳይቀይሩኝ።»

ፈቀድኩለት፤ ዐይኔን ግን ከእሱ አላነሣሁም። ሦስቱ እንደ አጥር ቆሙ፤ ሁለቱ ጿሚዎች ሮጡ። ኳስ በገባ ቁጥር አምበሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንዴ ይተነፍስና ይመለሳል። ልዩነቱ ቀስ በቀስ ጠበበ። ወደ መጨረሻው ላይ ምሳው የቀለለላቸው ሦስቱም መሮጥ ጀመሩና «ትራስ!» የሚለው ድምፅ ጠፋ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እኩል ነበርን፤ አምበሉ ጥፋት ተሠራበትና ሁለት ነፃ ውርወራ አገኘ። የመጀመሪያው የቅርጫቱን ብረት መትቶ ወጣ፤ ሁለተኛው ገባ። እኔ የማስታውሰው እንዲህ ነው። ሦስት ነጥብ የሚለው ሰውዬ ሁለቱም ገብተው ኳስ አቀባያችን በነፃ ውርወራ አንድ ነጥብ ጨመረበት ይላል። ልከራከረው አልችልም፤ ከሁለተኛው ውርወራ በኋላ ያለውን ጩኸቱን እንጂ ሌላ አላስታውስም።

የሚቀጥለውን ግን አልጠራጠርም። በውድድሩ ልማድ ዋንጫው ለስላሳ ይሞላበትና መጀመሪያ አምበሉ ይጠጣል፤ ከዚያ ይዞራል። አንዱ አዘጋጅ ከደስታው ብዛት ብርቱካናማውን ለስላሳ ግጥም አድርጎ ሞልቶ ለአምበሉ ሰጠው። ፀሐይ ገና ከጣሪያዎቹ በላይ ነበረች። አምበሉ ዋንጫውን አየው፤ ፀሐይዋን አየ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

«እናንተ ጠጡ። እኔ እደርሳለሁ» አላቸው።

«አምበል ሳይቀምስ?» አለ መሐል ተጫዋቻችን። «ደግሞ እኔ ሆዴ ውስጥ ምን ቦታ አለ?»

ማንም አልነካውም። ተመልካቹ ተበተነ፤ ተጋጣሚዎቻችን ጨብጠውን ሄዱ። እኛ በዋንጫው ዙሪያ ተቀምጠን ዝንብ እየተከላከልን ቆየን። ምግብ አብሳይዋም መጥተው በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑት። ከወደ ሰንጋ ተራ አዛን ሲሰማ ኳስ አቀባዩ ከኪሱ ተምር አውጥቶ ለአምበሉ ሰጠው። አምበሉ ተምሩን በላ፤ ዋንጫውን በሁለት እጁ አነሣ፤ ጠጣ።

«እንዴት ነው?» ጮኹ ልጆቹ።

«ሞቋል፤ ጋዙም ወጥቷል» አለ። ሊቀበሉት እጃቸውን ቢዘረጉም አልሰጣቸውም፤ ደግሞ ጠጣ።