ሹፌር የማይመለስበት ቤት

ከሚሴ ላይ፣ የደሴና የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ታፔላ የሌለው ምግብ ቤት አለ። ሹፌሮች «አብደላ ቤት» ይሉታል። ድስቱን የምትጥደው፣ ሥጋውን የምትመርጠው፣ ቤቱን የምታስተዳድረው ኡምኩልሱም ናት፤ ስሙ ግን የባሏ ነው። ይህ አስከፍቷት አያውቅም። ቤቱን የከፈተችውም ለሱ ስትል ነበር።

አብደላ ሃያ ስድስት ዓመት የጅቡቲን መስመር በተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ጨፋ ሮቢት ካባቷ ቤት መጥቶ ሲያገባት ጢሙ ገና ጥቁር ነበር። የበረሃው አቧራና የናፍጣው ጭስ ደረቱ ውስጥ እየተቀመጠ ከርሞ አስም ሆነበትና ከመሪው አወረደው። መጀመሪያ ሰሞን ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና ይል ነበር። ጭነት ይኑረው ባዶ ይሁን በድምፁ ብቻ ይለያል። ኡምኩልሱም ይህን ስታይ ሰነበተችና፣ መኪናው ቢቀርበት ሹፌሮቹ አይቅሩበት ብላ፣ መንገድ ዳር ያለውን ክፍል አጽድታ ጠረጴዛና ወንበር አስገባች።

የሱ ሥራ በር ላይ መቀመጥ ሆነ። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ የሚገባውን ሁሉ ያስታጥባል። ከየት እንደመጣ፣ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ይጠይቃል። ሚሌ አካባቢ የመኪናው ባሌስትራ ተሰብሮበት አራት ቀን በረሃ ላይ ሲቀር፣ አንድ የአፋር ቤተሰብ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ የፍየል ወተት እንዳካፈለው ላልሰማ ሁሉ ያወራል። እንግዳ መመለስ ነውር ነው ብሎ ሲሰብክ ግን ሰምቶት የሚያውቅ የለም። ብቻ መልሶ አያውቅም።

ኡምኩልሱም ጓዳ ሆና ሽንኩርት ስትከትፍም ጆሮዋ እሱ ጋ ነው። ጨዋታው መሀል ደረቱ ማፏጨት ሲጀምር ከሁሉ ቀድማ ትሰማለች። የሚማገውን መድኃኒት በቀሚሷ ኪስ ይዛ ትወጣና እጁ ላይ ታስቀምጥለታለች።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ሚያዝያ ላይ የኮሮና አዋጅ ወጣ። ማስክ ያላደረገ ሰው ምግብ ቤት እንዳይስተናገድ፣ ባንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ ተባለ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ወሬ ተከተለ፤ በሽታውን የሚያመጡት የጅቡቲ ሹፌሮች ናቸው የሚል። ትናንት «ሹፌሬ» ሲባሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ከመኪና ሲወርዱ መንገደኛው ይሸሻቸው ጀመር።

የምግብና የሻይ ቤት ባለቤቶች አዳራሽ ተጠሩ። ያነጋገረቻቸው ብፅዓት የምትባል የጤና ባለሙያ ነበረች፤ ወጣት፣ ትዕግሥተኛ ሴት። ደንቡን አንብባ ስትጨርስ፣ ከኡምኩልሱም ቀጥሎ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ሙህዲን እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ ሰው የሚበላው በአፉ ነው። አፉን ሸፍኖ ከመጣ እኔ ምን ላድርገው? በጆሮው ላጉርሰው?»

አዳራሹ ሳቀ። ብፅዓትም ፈገግ ብላ፣ ምግቡ እስኪቀርብ አድርጎ ይቆይ፣ ሲጨርስ መልሶ ያድርግ አለች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተጋጋለ። አንዱ ሞት ያለ ቀኑ አይመጣም አለ። ሌላው ባንድ ትሪ መብላት ካባቶቻችን የወረስነው ነው፣ ሦስት ሦስት እየቆጠርን ሰው አንለያይም አለ። ሦስተኛው ተነሥቶ፣ ችግሩ ሹፌሮቹ ስለሆኑ እነሱ መኪናቸው ውስጥ ይብሉ፣ እኛ እንደ ድሯችን እንኑር ሲል ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ሙህዲንም አጨበጨበ።

አብደላ ተነሣ። «ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስበላ ኖሬያለሁ» አለ። ቀጥሎ የሚናገረውን አልጨረሰውም። ትንፋሹ አጠረና ተቀመጠ፤ ኡምኩልሱም መድኃኒቱን ሰጠችው።

ሲወጡ ብፅዓት የኡምኩልሱምን ክንድ ያዝ አደረገቻት። «እትዬ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ በሽታ ሊይዘው የማይገባ አንድ ሰው ካለ እሳቸው ናቸው። በር ላይ እንዳያስቀምጧቸው።»

ኡምኩልሱም የሰማችውን አልናቀችም። በማግሥቱ የባሏን ወንበር ወደ ጓዳ አስገባችው። ሁለት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ወንበሩ በር ላይ ነበር፤ አብደላም ማንቆርቆሪያውን ይዞ ነበር። ማስኩን ግን አድርጓል። ይህንኑ አልሐምዱሊላህ ብላ ተቀበለች።

ረመዳን ገባ። መስጂዱ ለጀመዓ ሶላት ቢዘጋም አዛኑ አልቀረም። አንድ ቀን ማፍጠሪያው፣ መግሪብ፣ ሲቃረብ አንድ ሹፌር ሲሮጥ መጣ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የነዳ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ማስክ ደግሞ የለውም። ፖሊስ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ያያል። ሹፌሩ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አዛኑ ተጀመረ። አብደላ ማስኩን ከገዛ ፊቱ ፈታና በሹፌሩ ጆሮ ላይ አጠለቀለት። እጁን አስታጥቦ፣ ቴምር አስይዞ አስገባው። ሰውየው ሲበላ ቆይቶ ሲወጣ ማስኩን አውልቆ አመስግኖ መለሰለት። አብደላም ተቀብሎ መልሶ አደረገው።

ኡምኩልሱም ይህን ከጓዳ አየች። በማግሥቱ ልጃቸው ሙና አግብታ ባቲ ከመሄዷ በፊት ትለብሰው የነበረውን አበባማ ቀሚስ ቀደደችና ሰባት ማስክ ሰፋች። ባሏ የራሱን ዳግመኛ እንዳያውስ ነበር ሐሳቧ። በሩ ጎን ሰባት ምስማር መትታ ሰቀለቻቸው። ማስክ ያልያዘ ሰው አንዱን አድርጎ ይገባል፤ ሲወጣ ቦታው ይሰቅላል። እሷ ማታ ማታ በፈላ ውኃ ታጥባቸዋለች፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች። ሕጉም ተከበረ፣ እንግዳም አልተመለሰም።

ከተማው ወደደላት። ፖሊሱ አመሰገናት። ሊቆጣጠሩ የመጡ ሰዎች ገብተው ሁሉም ፊት ተሸፍኖ ሲያገኙ ሌሎቹን «አብደላ ቤት ሄዳችሁ ተማሩ» አሏቸው። ሙህዲን ሳይቀር አሥር አሰፍቶ ሰቀለ፤ «ያንቺ አበባ ነው፣ የኔ ባለ መስመር» እያለ ይቀልድባት ነበር። ከረመዳን በኋላ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማስክ ያልተሰቀለበት በር አልነበረም።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ብፅዓት ሻይ ልትጠጣ መጣችና ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ኡምኩልሱም ሌላ ልትቀይርላት ስትመጣ ልጅቷ ፊቷ ተለዋውጦ አገኘቻት።

«እትዬ፣ ያ ቀይ አበባ ያለበት ማስክ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ከተቀመጥኩ ዘጠኝ ሰው አደረገው። እየተቀባበሉ። የአራተኛው ሰው ትንፋሽ ሳይደርቅ አምስተኛው አደረገው። አሁን ደግሞ እየተቀበሉ የሚያቀብሏቸው ጋሽ አብደላ ናቸው፤ በእጃቸው።»

ኡምኩልሱም ወደ በሩ ዞረች። አብደላ ከአንድ ሹፌር ላይ ማስኩን ተቀብሎ፣ ገመዱን አስተካክሎ፣ ለቀጣዩ እያቀበለ ነበር። ልክ ሰው ለሰው ዋንጫ እንደሚያቀብለው። ከሁለት ወር በላይ በየቀኑ ስታየው የነበረ ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሄዳ ሰባቱንም ከምስማሩና ከሰዎቹ እጅ ሰብስባ ምድጃ ውስጥ ከተተቻቸው።

በአራተኛው ቀን አብደላ ምሳ ላይ ወጡ ጨው የለውም አለ። ቀመሰችው። ጨው ነበረው። ሌላ ሰው አስቀመሰች፤ ደህና ነው አለ። አብደላ ጨው ነስንሶ፣ እንደገና ነስንሶ፣ ትሪውን ገፋ አደረገው። ከሦስት ቀን በኋላ መተኛት አቃተው። ተቀምጦ አደረ፤ ተቀምጦ ዋለ።

ላስቲክ የለበሱ ሰዎች በአምቡላንስ መጥተው ወደ ለይቶ ማከሚያ ወሰዱት። እሷን አላስገቧትም። ጎረቤቱ መስኮቱን ዘጋ። ለደስታም ለሐዘንም የማይቀሩት የሰፈሩ ዕድር የቅሬው ሴቶች ከየደጃፋቸው ሆነው ዱዓ አደረጉላት፤ ምግብ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አሥራ ስምንት ቀን በኦክስጅን ቆየ። በስልክ ሁለት ቃል ይናገርና ያርፋል፤ ሦስተኛውን እሷ ትጨርስለታለች።

በዚያው ሰሞን፣ ከአረፋ በኋላ፣ በሰፈሩ ሦስት ሽማግሌዎች ተከታትለው ሞቱ። የተመረመረ የለም። አንዱን ልቡ ነው፣ አንዱን ስኳር ነው አሉ። የሦስተኛውን ማንም አልጠየቀም። ሦስቱም ደንበኞቿ ነበሩ። ኡምኩልሱም ጓዳ ተቀምጣ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደገባ ለማስታወስ ትሞክራለች፤ ከዚያ ትተወዋለች፤ መልሳ ደግሞ ትጀምራለች።

አብደላ ተመለሰ። ሰውነቱ ግማሽ ሆኗል። የሸኘው ሐኪም ለሷ ለብቻዋ ነገራት፤ ሳንባው ያሁኑን የቻለው በመከራ ነው፣ ሁለተኛ ከያዘው አይመለስም አላት። ለአብደላም ነገረችው። «አላህ ያውቃል» አለና ሌላ ወሬ አነሣ።

ጥቅምት ሲገባ ከተማው ማስኩን ጥሎት ነበር። ክርክሩን ያሸነፈ የለም፤ ሰው ሰለቸውና ተወው። ሙህዲን ቤት ሰባት ሰው ባንድ ትሪ ይቀመጣል። ኡምኩልሱም ብቻ አልተወችም። ምግብ የምታቀርበው ደጅ ዳሱ ሥር ነው፤ ለያንዳንዱ በየሳህኑ፣ ወንበሩን አራርቃ። አብደላን ጓዳ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችው፤ በሩ ለሰው አይከፈትም። እንግዳ እየሳሳ ሄደ። ሙህዲን ግድግዳ ተሻግሮ እንዲሰማ አድርጎ «ጎረቤቴ ሆስፒታል ከፍታለች» ይላል፤ ሰዎቹ ይስቃሉ።

አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ተሳቢ መጥቶ ቆመ። ጀሚል ነበር፤ ካብደላ ጋር ለዓመታት ተከታትሎ የነዳ፣ በየበረሃው አብሮት ያደረ ሰው። ከጅቡቲ እየመጣ ነው። አብደላ አልጋ ላይ እንደነበር ጋላፊ ድንበር ላይ ሰምቶ ሊጠይቀው ቸኩሏል።

«አካም ጅርታ ኡሙ» ብሎ ገና ሳይደርስ በኦሮምኛ ሰላም አላት። «አብዶ የታለ? ቅቅል አምጪልን፤ ባንድ ትሪ። ከሱ ጋር ካልበላሁ ወሎ ገባሁ አልልም።»

በመሀል ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ሳል ያዘውና ፊቱን አዙሮ ሳለ። «የመንገድ አቧራ ነው» አለ።

ኡምኩልሱም ዳሱ ሥር ወንበር ሳበችለት። ለብቻው ሳህን እንደምታቀርብለት፣ አብደላን በመስኮት ማናገር እንደሚችል፣ ማስክ እንደምትሰጠው ነገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

ጀሚል ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «እኔ ለአብዶ ጂኒ ሆንኩበት?»

«ጂኒ አልሆንክም ወንድሜ። ሳንባው ነው። ሌላ አንድ ጊዜ ከያዘው አይመለስም።»

«ነግረሽኛል፣ ይበቃል» አለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፎጣውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ሙህዲን ቤት ሄደ።

የጓዳው በር ተከፈተ። አብደላ ከዘራውን ይዞ ቆሟል። ጃኬቱን ለብሷል፤ ነጭ ኮፍያውን አድርጓል።

«የሙና አባት፣ ወዴት ነው?»

«ጀሚል ሰው ቤት ለብቻው ሊበላ ነው?»

«ሲስል ሰምተኸዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ሐኪሙ ያለውንም ሰምተሃል።»

አብደላ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ኡሙ፣ አንቺ ያደረግሽው ልክ ነው። ጥፋት የለብሽም። እኔ ግን ጀሚልን ከደጄ መልሼ፣ እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጬ የምተነፍሰው ትንፋሽ ምን ያደርግልኛል?»

በሩን ዘግታ ልትቆምበት ትችል ነበር። ክብደቱ እንደ ልጅ ሆኗል፤ አይገፋትም። ማስክ ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችለት። ተቀብሎ አደረገው፤ ለሷ ሲል እንደሆነ ታውቃለች፤ ትሪው ሲቀርብ እንደሚያወልቀውም ታውቃለች።

ከበሯ እስከ ሙህዲን በር ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። አብደላ ሦስት ጊዜ ቆሞ አረፈ። በሦስተኛው ላይ ዞሮ የሚመለስ መስሏት ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። አልተመለሰም። ከውስጥ አዩትና ጫጫታ ሆነ፤ «ኮቱ፣ ና! ቢስሚላህ በል!» አሉ። ሙህዲን ራሱ ወጥቶ እጁን ይዞ አስገባው። ቦታ ሲለቁለት ወንበሮች ሲጎተቱ ሰማች። ጀሚል አንድ ነገር ተናገረ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አብደላም ሳቀ።

ከሳቁ መሀል አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ሌላ ሰው። አንዱም ሳል የአብደላ አልነበረም።