የሙከራው ታንክና የሙከራው ተማሪ

ከማል፣ የሐጂ እንድሪስ ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዬ። ሐጂ እንድሪስ፣ ሞጣ ገበያ ዳር ጨርቅ የሚሸጡ፣ በሰፈሩ የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገዙ ሰው። መምህር ጴጥሮስ፣ ከሆሳዕና ተመድበው የመጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን። ዲሬክተሩ፣ ዛሬም ስለማከብራቸው ስማቸውን የማልጽፈው። እና እኔ፣ ከቢቸና የመጣሁት የአናጢ ልጅ። ዋናዎቹ ሰዎች እኛ ነን። ስድስተኛው ታንክ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ማኅሌት የተፈቀደላትን የአንድ ሰዓት ጌም በስልኬ ስትጫወት ቆይታ፣ «አባዬ፣ ይሄን ታንክ ልሽጠውና ሌላ ላውጣ? ቀሽም ነው» አለችኝ። ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ስሙን ሳላነብ አወቅኩት። አሜሪካኖች ገና ታንክ መሥራት ሲማሩ የሞከሩት መካከለኛ ታንክ ነው። አንድ ሠርተው፣ ፈትሸው፣ ተዉት።

ልጅ እያለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል በገባሁ በወሩ፣ አባቴ ሞጣ ሥራ አገኘና ጓዛችንን ጭነን ከቢቸና መጣን። የተዋስኩት የሒሳብ መጽሐፍ ስለጠፋብኝ መልቀቂያ አልሰጡኝም ነበር። የሞጣው ዲሬክተር አባቴ ሲለማመጣቸው አዘኑና፣ «እስከ ግማሽ ዓመቱ ፈተና ድረስ በሙከራ ይማር፤ አንዲት ጥፋት ከተገኘችበት ግን ይሰናበታል» አሉ። ይቺ ቃል ክፍል ድረስ ቀድማኝ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ሙከራው» ሆነ።

«ሙከራው፣ ዛሬም አላባረሩህም እንዴ?» ይሉኝ ነበር ጠዋት ጠዋት።

«ነገ ነው» እላቸዋለሁ።

ከሐጂ እንድሪስ ሱቅ ጀርባ ያለችው ክፍል አዲስ አቡጀዲና የሞቀ አቧራ ትሸት ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከትምህርት በኋላ ለከማል ጓደኞች ይፈቀድልን ነበር፤ ጌሙ የታንክ ውጊያ፣ ሕጉም «ተሸናፊ ይነሳል» ነበር። ሁሉም ትልልቆቹን ታንኮች ይሻማሉ። ታንክ ሲመረጥ ታሪኩ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሌሎቹ ሳያዩት ያልፉታል። እኔ ተራ ስጠብቅ ቃል በቃል እየገለበጥኩ ደብተሬ ላይ እጽፈውና ማታ እፈታዋለሁ። የምፈታበትን መዝገበ ቃላት ያዋሱኝ መምህር ጴጥሮስ ናቸው፤ መጽሐፍ አጥፍቼ የመጣሁ መሆኔን አልሰሙም ነበር።

አንድ ቀን የአንዱ ትንሽ ታንክ ታሪክ ተፈታልኝ። የሙከራ ታንክ ነው፤ ብረቱ ስስ፣ ሞተሩ ግን የአውሮፕላን። ጮክ ብዬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ከማል በሳቅ ወንበሩን ይዞ ወደቀ።

«ሙከራው ሙከራውን አገኘው!»

እልህ ያዘኝና ከዚያ በኋላ ሌላ ታንክ አልነካሁም። አንድ ጥይት ካገኘው ያበቃለታል፤ ሩጫው ግን ለብቻው ነበር። ሁለት ሳምንት ስነሳ ስቀመጥ ቆይቼ መላው ገባኝ።

«ፊት ለፊት ና እንጂ፣ ፈሪ!» ይጮሃል ከማል በግዙፉ የጀርመን ታንኩ ውስጥ ሆኖ።

«ዞር በልና ፈልገኝ» እለዋለሁ። እሱ የመድፉን ማማ እስኪያዞር እኔ ከኋላው ነኝ። «ተሸናፊ ይነሳል!»

እዚህ ላይ እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ሱሱ በረታብንና፣ ሐጂ ሥራ በሚበዛባቸው የገበያ ቀን፣ እኔና ከማል የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ትተን አጥር ዘለልን። ሦስት ጊዜ አደረግነው። አባቴ ተለማምጦ ባስገባኝ ትምህርት ቤት ይህን ማድረጌ ጥፋት ነው፤ ዛሬ ልጆቼ ቢያደርጉት እቀጣቸዋለሁ።

የግማሽ ዓመቱ ፈተና ሊደርስ ሲል መምህር ጴጥሮስ ስለምናደንቀው ነገር አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ እንድንጽፍ አዘዙን። ስለ ታንኬ ጻፍኩ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «አይሆንም አሉት፤ እሱ ግን መሮጥ ይችል ነበር» የሚል ነበር። መምህሩ ሁለት ጊዜ አንብበው ከቃላቱ አምስት ስድስቱን ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ደስ ብሏቸው ወረቀቱን እያውለበለቡ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ይዘውኝ ሄዱ። ሊያስመሰግኑኝ ነበር።

ዲሬክተሩ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከየት ገለበጥከው?»

«ቃላቱን ከጌም ነው የተማርኩት። ጽሑፉ የራሴ ነው።»

«ጌም? መቼ ነው የምትጫወተው?»

ነገርኳቸው። የአጥሩንም ነገርኳቸው። ከማን ጋር እንደነበርኩ ሲጠይቁኝ «ብቻዬን» ብዬ ዋሸሁ። ዲሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወረቀት አውጥተው ሦስት መስመር ጻፉ፦ ከክፍል ቀርቻለሁ፤ ጌም ስጫወት ውያለሁ፤ ያቀረብኩት ጽሑፍ የራሴ አይደለም። «ፈርምና ወደ ክፍልህ ግባ፤ ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ።

እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ሦስተኛውን መስመር ሰረዝኩና ፈረምኩ።

«ያልኩህን ነው ወይስ የፈለግከውን ነው የምትፈርመው?»

«ያጠፋሁትን ነው የምፈርመው» አልኩ።

መምህር ጴጥሮስ ጣልቃ ገቡ። «ልጁ ነው የጻፈው! ካላመኑ እዚሁ ፊትዎ ያስጽፉት!»

«አቶ ጴጥሮስ፣ እርስዎ ያስተምሩ፤ ቢሮውን ለእኔ ይተዉት» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በል፣ ሙከራህ አበቃ።»

አባቴ በሦስተኛው ቀን መላጊያውን አስጨበጠኝና፣ «እንግሊዝኛህን እንጨቱ ይስማልህ» አለኝ። ከማል ደግሞ ማንም ሳይጠራው ቢሮ ገብቶ፣ «አጥሩን መጀመሪያ የዘለልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱን አስመዘገበ። ሐጂ በዚያው ቀን ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልለው ቆለፉበት።

ዛሬ የወፍጮ ሞተርና የውኃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ከማሽኖቹ ጋር የሚመጣውን መመሪያ ያኔ በጀመርኩት ዘዴ፣ ቃል በቃል እየፈታሁ ነው የተማርኩት። የዛሬ ልጆች ጌሙም፣ መዝገበ ቃላቱም፣ አስተማሪውም አንድ ስልክ ውስጥ አላቸው፤ አጥር መዝለል አያስፈልጋቸውም። አልቀናባቸውም። የሚያናድደኝ ደቃቁን ጽሑፍ ሳያነቡ ማለፋቸው ነው። ማኅሌትን የታንኩን ታሪክ እስከ መጨረሻው አስነበብኳትና የእኔንም ነገርኳት።

«ለአንድ መስመር ብለህ?» አለችኝ።

«ለአንድ መስመር።»

«አሁን ቢሆንስ?»

«አሁንም እሰርዘዋለሁ።»

ዋጋውን ግን አልደበቅኳትም። እኔ ስምንተኛን በግል እስክፈተን ሦስት ዓመት መላጊያ ገፋሁ። ከማል ታግዶ ክፍሉን ደገመ፤ አንድ ዓመት። መምህር ጴጥሮስ ወደ ባለቤታቸው ለመዛወር የዲሬክተሩ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ለእኔ በመሟገታቸው እሱ ለአንድ ዓመት ዘገየባቸው። ሲደመር አምስት ዓመት።