ሻለቃ አድማሱ ያልቀበሩት ሰው

ዝናብ የመታው የእድር ድንኳን የራሱ ሽታ አለው። ታጥፎ የከረመ ሸራ፣ ሻጋታና የእንጨት ጭስ ተቀላቅሎበታል። ሚዛን ተፈሪ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ ከተማ ሸራ ሙሉ በሙሉ ደርቆ አያውቅም። ሻለቃ አድማሱ መሞታቸውን የሰማሁት ለሥራ ቴፒ ሳለሁ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሚዛን ገብቼ ግቢያቸው በተተከለው ድንኳን ሥር ስቀመጥ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወዲያው የመጣብኝ ግን የሻለቃው ፊት አልነበረም። ይኸው ድንኳን የተከለከለው ጎረቤታችን፣ ጋሽ ማርቆስ ነበር።

የሻለቃው ታላቅ ልጅ ዮናስ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። “አንቺ ጋዜጠኛ ነሽ፤ የሰፈሩም ልጅ ነሽ። የአባቴን የሕይወት ታሪክ ጻፊልን። ሬሳው ከመውጣቱ በፊት ይነበባል” አለኝ። እሺ አልኩት።

እውነት የሆነውን ላስቀድም። ሻለቃ አድማሱ ሰሜን ግንባር ላይ ተከበው ጦራቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ ቁስለኞቻቸውንም አልተዉም። ይህን በእሳቸው ሥር ከነበሩ ሁለት ወታደሮች ለየብቻ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሁለቱም ስለዚያ ቀን ሲነግሩኝ ከወንበራቸው ተነስተው ነበር። ከተማው ሲያከብራቸው በባዶ ሜዳ አልነበረም።

ሠራዊቱ ተበትኖ ወደ ሚዛን ሲመጡ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ምልክቱ የተነቀለ ካኪ ኮት ይለብሳሉ፤ ማዕረጉ የነበረበት ቦታ ከቀረው ጨርቅ ይልቅ ጠቆር ይላል። ያን ኮት በከሰል ካውያ ሳይተኮሱ ከቤት አይወጡም። ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ክረምት እንኳ ጫማቸው ያብረቀርቅ ነበር። ትንሿን ሬዲዮ በቆዳ ማንገቻ አንጠልጥለው ሰፈሩን ሲዞሩ ከሰው ቀድሞ የሚሰማው የሬዲዮው ጩኸት ነው። ያኔ ልጆቹ ጨዋታ እናቆማለን። “ምልምል! ቀጥ በል!” ይሉናል፤ ቀጥ እንላለን። ሴቶች በየደጁ ያሰጡትን ቡና እንኳ ምንጣፉ ጠሞ ካዩ በጫማቸው ጫፍ ያስተካክሉት ነበር። እናቴ “እሳቸው ባይኖሩ ይሄ ሰፈር መቼ ሰፈር ይሆን ነበር?” ትል ነበር። የእድሩ ዳኛ ሲያደርጓቸው የተቃወመ አልነበረም። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፤ ወንበሩ ይቆጠራል፤ ያረፈደ በሕዝብ ፊት ይወቀሳል።

ጋሽ ማርቆስ ከእኛ አጥር ቀጥሎ ይኖር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከሸዋ ቤንች የመጣ የቤንች ሰው ነው፤ ቡና መቀሸሪያው ቤት ይሠራል። ማታ ሲመለስ ፀጉሩና ቅንድቡ በቡና ገለባ ብናኝ ነጥቶ ሽማግሌ ይመስለን ነበር፤ እሱም ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ሽማግሌ ሆኖ ያስቀን ነበር። እሱም በግዳጅ ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። አማርኛውን የተማረው እዚያው ምሽግ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ትእዛዝና ስድብ አሳምሮ ያውቃል፤ ሌላው ላይ ይቸገራል።

አንድ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ሻለቃው የቀድሞ ወታደሮችን እያስነሱ ይጠይቁ ጀመር። የሬሳ ተሸካሚዎችን ቡድን የሚመራ ሰው ይመርጡ ነበር። እናቴ ጎን ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

“ማርቆስ፣ ከክፍልህ እንዴት ተለየህ?”

ጋሽ ማርቆስ ተነሳ፤ እጁን ከሱሪው ስፌት ጋር አጣብቆ ቆመ። “ጠፋሁ፣ ጌታዬ!”

ሰው ሳቀ። “ጥጃ ነህ እንዴ የምትጠፋው?” አለ አንዱ ከኋላ። ጋሽ ማርቆስም አብሮ ሳቀ። ሻለቃው ግን አልሳቁም። በወታደር ቤት ጠፋ ማለት ከዳ ማለት ነው።

“በገዛ አፉ ተናገረ። ሰምታችኋል” አሉ።

ሚስቱ እትዬ አስቴር ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። “መንገድ ጠፋብኝ ማለቱ ነው፣ ጋሼ! አማርኛው ነው እንጂ...”

“ተቀመጪ። የጠየቅሁት ወታደሩን ነው።”

ከዚያ ቀን በኋላ ሻለቃው ጋሽ ማርቆስን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። “ጠፊው” አሉት፤ ሰፈሩም ተከተላቸው። ልጆቹን “የጠፊው ልጆች” እንላቸው ነበር። ከእድሩ አላስወጡትም። መዋጮውን ይከፍላል፤ ድንኳን ይተክላል፤ የሌላ ሰው ሬሳ ይሸከማል።

ከዚያ ስብሰባ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ወባ ገደለው። የእትዬ አስቴር ወንድም የእድሩን ድንኳንና ጥሩንባ ነፊውን ሊጠይቅ ሻለቃው ቤት ሲሄድ አባቴ አብሮት ነበር፤ የሰማነውም ከአባቴ ነው። ሻለቃው በረንዳቸው ላይ ጫማ እየቦረሹ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ “የጓዶቹን ሬሳ ጥሎ የሄደ ሰው፣ የኔን አንሱልኝ አይልም” አሉ። አባቴ ይግባኝ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ሻለቃው ፊት ሲደርሱ ስለ አየሩ አውርተው ተመለሱ።

ጥሩንባው አልተነፋም። ሰው መሞቱን ከተማው ያወቀው የቤንች ዘመዶቹ ከሸዋ ቤንች በእግር መጥተው፣ ቃሬዛውን በሙዝ ቅጠል ሸፍነው በዝናብ ይዘውት ሲያልፉ ነው። የእድሩ ሰዎች በየበራቸው ቆመው ያዩ ነበር። አባቴና እናቴ ከኋላ ተከተሉ። እትዬ አስቴር ዓመት ሳይሞላ ልጆቿን ይዛ ቴፒ ገባች።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ነገሩን አጣራሁት። ከጋሽ ማርቆስ ጋር አንድ የመቶ ጦር ውስጥ የነበረ ሰው ቴፒ፣ ቡና እርሻው ውስጥ ጥበቃ ሆኖ አገኘሁ። “ለቁስለኞች ውሃ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ ወረደ። እሱ ሳይመለስ እኛ እንድንለቅ ታዘዝን። እኛ ነን ጥለነው የሄድነው” አለኝ። ይህን ይዤ ሻለቃው ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ሰውየውን አላመንኩም አላሉም። “ልጄ፣ ቃሉን የመረጠው እሱ ነው። እድር የወሰነው ደግሞ ተወስኗል” አሉና ሬዲዮአቸውን ከፈቱ።

ሰው ይሳሳታል፤ እዚያ ስብሰባ ላይ ለተሳሳቱት ይቅር እላቸው ነበር። እኔ በነገርኳቸው ቀን ግን ስህተት አልነበረም። እያወቁ ነው።

ለዮናስ የጻፍኩለት አንድ ገጽ ነበር። ግንባሩም፣ ከከበባው መውጣታቸውም፣ እድሩን ማደራጀታቸውም አለበት። ከመጨረሻው በፊት ይህን አስገባሁ፦ “ጎረቤታቸውን ማርቆስን ሳይከዳ ከዳ ብለው በእድሩ እንዳይቀበር አደረጉ፤ እውነቱ ሲነገራቸውም አላረሙም።”

ዮናስ አነበበና ጆሮው ቀላ። “ይሄን አውጪው። በሞተ ሰው ላይ?”

“ማርቆስም ሞቶ ነበር” አልኩት። “እሱ ከወጣ ሁሉንም መልስልኝ።”

ወረቀቱን መለሰልኝ። ከቀትር በኋላ አንድ መምህር በችኮላ የጻፈውን አነበበ። “በጦር ሜዳም በሰፈርም ማንንም ጥለው የማያውቁ” የሚለው ላይ ሲደርስ ከሴቶቹ ወገን አንድ ወንበር ተንቋቋ። እትዬ አስቴር ነበረች። ለቀብር ብላ ከቴፒ መምጣቷን አላወቅሁም ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማንንም ሳትገፋ፣ በተደረደሩት ወንበሮች መሀል ወጣች።

አጥሩ ጥግ ዛፍ ሥር ደረስኩባት።

“አንቺ ነሽ አሉ መጀመሪያ የጻፍሽው። ምን ብለሽ ነበር?” አለችኝ።

አረፍተ ነገሩን አነበብኩላት። ድገሚልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ከንፈሯ አብሮኝ ይንቀሳቀስ ነበር።

“ጥሩ ነው። ግን ‘ጠፋሁ’ ያላትን ቃል ምን ማለቱ እንደነበር አልጻፍሽም።”

“አልጻፍኩም።”

“እንግዲያ ምኑን ጻፍሽው? ልጆቼ ዛሬም ሚዛን ሲመጡ የሚጠሩት በሷ ነው።”

ጥሩንባው ተነፋ፤ ሬሳው ወጣ፤ ሰልፉ ቀጥ ብሎ በፊታችን አለፈ። እሷ ወደ መናኸሪያው አቀናች፤ እኔም አብሬያት ሄድኩ። በመንገድ ላይ ቀስ እያለች ነገረችኝ፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ። ማርቆስ ውሃውን ይዞ ተመለሰ። ማንም አልነበረም። እየተጣራ ፈለጋቸው፤ አጣቸው። ይህን ሁሉ በቤንችኛ ይናገረው ነበር። በአማርኛ ያገኘለት ቃል ግን አንዲት ብቻ ነበረች።