ከቆዳ መጋዘኑ በታች ያለው ጭቃ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። አንድ በጋ ልብስ አጣቢ ሴቶች እግራቸው ቆስሎ ተራ በተራ ይመጡብኝ ጀመር። የምሰጣቸው ቅባት አልፈወሳቸውም።

"አዴ፣ የት ነው የሚያጥቡት?" ብዬ አንዷን ጠየቅኋቸው።

"ከቆዳ መጋዘኑ በታች፣ ጭቃው ውስጥ ቆሜ" አሉኝ።

ሄጄ አየሁ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ጭቃውን በእንጨት ስቆፍረው ግን ቆዳውን ብል እንዳይበላው የሚረጩት መድኃኒት አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ለካ የመጋዘኑ ሠራተኞች የመድኃኒቱን በርሜሎች የሚያጥቡት እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው።

ጭቃውን በጣሳ ይዤ የመጋዘኑ ባለቤት ከሆኑት ነጋዴ ዘንድ ገባሁ።

"ወራጅ ውሃ አይደል እንዴ? ይወስደዋል" አሉኝ ሳቅ ብለው።

ጣሳውን ፊታቸው አስቀመጥኩት።

"ጋሼ፣ ውሃውማ ሄዷል፤ መድኃኒቱ ነው የቀረው። ካላመኑኝ እጅዎን ይንከሩበት።"

ጣሳውን ትኩር ብለው አዩና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በሳምንቱ ከወንዙ ርቆ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ በርሜሎቹም ዳግመኛ ወንዝ አልወረዱም። ሴቶቹን ከመጋዘኑ በላይ ወዳለው ምንጭ ወሰድኳቸው፤ ቁስላቸው ክረምት ሳይገባ ደረቀ። ጭቃውን ግን የሚያጠራው አልተገኘም። ከነቀምቴ እስክዛወር ድረስ እዚያ ማንም እግሩን እንዳይነክር ስከለክል ኖርኩ።