ሚዜዎቼን ያጣላው ስሊም

ትናንት ከሰዓት ሽማግሌ አስቀምጬ ነበር። ለትዳር እንዳይመስላችሁ... የትዳሩ ጉዳይ አልቋል፣ ሰርጌ እሁድ ነው። ሽማግሌ ያስቀመጥኩት በጌም ማጫወቻ ምክንያት ነው። አትሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳለኝና ሀብታሙ የልጅነት ጓደኞቼ፣ አሁን ደግሞ ሚዜዎቼ ናቸው። ደሳለኝ አስተማሪ ነው፣ ሀብታሙ ቢሮ ይሠራል። ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ደብረ ታቦር አንድ ጌም ቤት ተቀምጠን ሳለ ደሳለኝ ስልኩን አውጥቶ የአዲሱን ጌም ማጫወቻ ፎቶ አሳየን። ያን በፎቶ ስናደንቀው የኖርነውን ወፍራም ማጫወቻ አሁን አሳንሰውና አቅጥነው «ስሊም» ብለው አውጥተውታል።

«ዕቃ ማለት ይሄ ነው!» አለ ደሳለኝ። «ድምፅ የለው፣ ሙቀት የለው፣ መብራት አይበላ!»

«ሂድ ወዲያ!» አለ ሀብታሙ። «ውስጡ ያው ነው። ልብሱን አጥብበው ነው መልሰው የሚሸጡልህ። ወፍራሙን የሚያህል የለም።»

ከዚያማ ማቀዝቀዣው እንዲህ፣ ማዘርቦርዱ እንዲያ... ፋብሪካው ውስጥ ያደጉ ነው የሚመስሉት። እንግዲህ ስሊሙንም ሆነ ወፍራሙን አንዳችንም በዓይናችን አይተን አናውቅም። ጌም ቤቱ ያለው ማጫወቻ የሁለቱም አያት ነው፣ ተገልብጦ ካልተቀመጠ ሲዲ አያነብም። ይሄን ሁሉ የሚከራከሩት የተገለበጠውን አያት ፊታቸው አስቀምጠው ነው።

ክርክሩ ጦዘ። በመጨረሻ ደሳለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ቤትህ ቴሌቪዥን እንኳን የለህ! ከምን ጋር ልትሰካው ነው? ከቡታጋዙ ጋር?» አለው። ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሀብታሙ ተነስቶ ወጣ።

በነጋታው ደወለልኝ። «እሱ የቆመበት ሰርግ ላይ እኔ አልቆምም። ሱፉን መጥተህ ውሰድ።» ደሳለኝ ጋ ስሄድ ደግሞ «ውሸት ተናገርኩ? ይቅርታ አልልም!» አለኝ። ለእጮኛዬ ስነግራት ትክ ብላ አየችኝና...

«ላልገዙት ዕቃ?» አለች።

«አዎ።»

«ለማይገዙት ዕቃ?»

«አዎ።»

ለእሷ ቀልድ ነው፣ እኔን ግን እውነቴን ነው የምላችሁ ጨነቀኝ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሳላቆም መሞሸር አልፈልግም። ስለዚህ አጎቴን አያ ታደገንና ጎረቤታቸውን አያ እንየውን ከገጠር፣ ከገሳይ አስመጣኋቸው። ሁለቱም ገበሬዎች ናቸው፣ ስንት የድንበርና የውርስ ጠብ ያበረዱ የተመሰከረላቸው ሽማግሌዎች።

ሚዜዎቼን ፊት ለፊታቸው አስቀመጧቸው። አያ ታደገ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሀብታሙን «እህሳ፣ ምን ወሰደብህ?» አሉት።

«ምንም አልወሰደብኝም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ያጣላችሁ ዕቃ የማን ነው?»

ሀብታሙና ደሳለኝ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። «የማንም አይደለም» አለ ደሳለኝ ድምፁን ቀንሶ።

«የት ነው ያለ?»

«ውጭ አገር።»

አያ ታደገ ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሰውየውን ከገሳይ ድረስ ያመጣኋቸው እኔ ነኝና ማስረዳቱም ለእኔው ወደቀ። «አያ፣ ዕቃው ድሮ ወፍራም ነበር። አሁን ቀጭን ሆኖ መጣ። ሥራው ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው። አንደኛው ወፍራሙ ይሻላል ይላል፣ ሌላኛው ቀጭኑ።»

አያ ታደገ ትንሽ አሰቡ። «ከስቶ በወፍራሙ ዋጋ? ይኸማ ማታለል ነው! የከሳ በሬ በደህናው በሬ ዋጋ ማን ይገዛል?»

ሀብታሙ ደረቱን ነፋ።

«ቆዩ እንጂ አያ ታደገ» አሉ አያ እንየው። «ሥራው ያው ነው ተብሏል እኮ። ቀጭኑ ነው የሚያርስ። ወፍራሙማ ለሥጋ ነው።»

አሁን ደግሞ ደሳለኝ ፈገግ አለ።

«ወፍራም አያርስም ነው የሚሉኝ?» አሉ አያ ታደገ።

«ከእርስዎ የገዛሁትን ቦራ በሬ ያየ ይፍረድ!»

ለካ እኔ ሳልወለድ አጎቴ ለአያ እንየው አንድ ወፍራም በሬ ሸጠውላቸው ኖሯል። በሬው በዘር ሰሞን እርሻው መሀል ተኝቶ አልነሳም ብሏል። ይሄን ሁሉ ዘመን ማንም አላነሳውም ነበር... የእኔ ስሊም እስኪያነሳው ድረስ።

«እኔ በደህና ጤናው ነው የሸጥሁልህ! አንተ ነህ ያስራብኸው!»

«ምኑን አስርበዋለሁ? ያንተ በሬ ስብ ብቻ ነበር!»

ከአንቱ ወደ አንተ ሲወርዱ ነው የደነገጥኩት። አያ እንየው ዱላቸውን ይዘው ሊወጡ ተነሱ። ደሳለኝ ዘሎ እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ሀብታሙ አጎቴን ጥምጥም አድርጎ ያዘ። ሁለቱም «ኧረ በማርያም፣ አባቶቼ!» ይላሉ።

«ሀብቴ፣ በሩን ዝጋው!»

«እሺ ደስዬ!»

መኳረፋቸውን ረስተውታል! ሽማግሌዎቹ በሩን አስከፍተው፣ አኩርፈው በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ነው ትዝ ያላቸው። ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ «ስለ ቴሌቪዥኑ ይቅርታ... እኔም ቤት ያለው የአከራዬ ነው» አለ። ሀብታሙ በሳቅ ፈነዳ። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም አቀፍኳቸው።

ችግሩ አሁን አያ ታደገ «እሱ የተቀመጠበት ዳስ አልገባም» ብለዋል። አያ እንየውም እንደዚያው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሚዜዎቼ ሽማግሌዎቹን ሊያስታርቁ ተያይዘው ገሳይ ሄዱ። ቅድም ሀብታሙ ደወለ።

«አለቀ! ሁለቱም እሁድ ይመጣሉ። ብቻ አንድ ነገር ሳትረሳ ጠይቅልን አሉኝ...»

«ምን?»

«ለሰርጉ የሚታረደው በሬ ወፍራም ነው ስሊም?»

ድግሱን በዶሮ ብወጣው ይሻለኛል።