እትዬ ዘሀራ እና ሥራ የቀያየረችው ቃል

«እኔ የሞትኩ ቀን ለወንድሜ ማን ነው ሳያጣፍጥ የሚነግረው?»

እትዬ ዘሀራ ይህን የጠየቁኝ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ስንሄድ፣ ፍሪዌይ ላይ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ቆመን ነው። እኔ እነዳለሁ፤ እሳቸው ለወንድማቸው ለጋሽ ይመር የሠሩትን ሾርባ ጭናቸው ላይ አቅፈው ከጎኔ ተቀምጠዋል። «ኧረ እትዬ፣ በጠዋቱ! ሌላ ወሬ እናውራ» ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ። ዘጉት። «ጠየቅኩሽ እኮ» አሉ። በዚያ መሃል ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፣ እኔም ነዳሁ፣ ሳልመልስላቸው ደረስን።

አሁን እትዬ ዘሀራ የሉም። ዓርብ ጠዋት ኦክላንድ ቤታቸው ውስጥ፣ ለሥራ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያደርጉ ልባቸው ቀጥ አለ። እኔ ኤመሪቪል አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር፤ እናቴ ደውላ ስሜን ጠርታ ልቅሶ ሲቀድማት ገባኝ። ቅዳሜ ቀበርናቸው። አላህ ይዘንላቸው።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በተለይ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ፣ ከሐኪሙ አጠገብ ቆመው ድምፃቸውን ለሰማችሁ። እኔ ህሊና እባላለሁ። ዘመዳቸው አይደለሁም፣ ተማሪያቸው ነኝ። ኮሌጅ ጨርሼ ሥራ ሳጣ እናቴ «አማርኛም እንግሊዝኛም እኩል ትችላለች» ብላ እሳቸው ጋ ላከችኝ፤ የሕክምና አስተርጓሚ፣ ኢንተርፕሪተር፣ እንዲያደርጉኝ። እሳቸው ደሴ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጅዳ ቆይተው፣ ከዚያ እዚህ አሜሪካ መጥተው በዚህ ሥራ ያረጁ ናቸው። መጀመሪያ ቀን ጥቂት አስወሩኝና «እናትሽ ልክ ናት» አሉ። «ሁለቱም እኩል ነው። እኩል ይጎድላል።» ተናድጄ ልወጣ ስል ሳቁ። «ቁጭ በይ፣ አንቺ ችኩል። ፊትሽ መዋሸት አይችልም። ቋንቋውን እኔ እሞላልሻለሁ።»

ያስተማሩኝ አንድ አንድ ቃል እያነሱ ነው። ቃልን እንደ ሰው ነበር የሚያዩት፤ ከየት መጣሽ፣ የት ሠራሽ ብለው የሚጠይቋት። እኔ ቶሎ ተርጉሜ መሄድ ነው የምፈልገው። አንድ ቀን ኦክላንድ ክሊኒክ ተራ ስንጠብቅ፣ ስኳር ላለበት ሰው ቀጠሮ እየተዘጋጀን ሳለ «ሹገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስኳር ነዋ፣ እትዬ።»

«እሱን ልጅም ያውቀዋል። ይቺ ቃል እንደኛው ስደተኛ ናት። የተነሳችው ከህንድ ነው። በጥንቱ ቋንቋቸው ሻርካራ ነበር ስሟ። ጠጠር ማለት ነው።»

«ጠጠር? ጣፋጭ አይደለም?»

«ቆይ አታዋክቢኝ! የሸንኮራው ጭማቂ ፈልቶ ሲደርቅ ጠጠር ይመስላል፤ ስሟን ከዚያ አገኘች። ፋርሶች ሸከር አሏት፣ ዐረቦች ሱከር። ጅዳ ሱቅ ገብቼ መጀመሪያ ስሰማት፣ ይቺማ የኛዋ ናት ብዬ ሳቄ መጣ። ዐረቦቹ ወደ አውሮፓ አሻገሯት፣ እንግሊዝ አገር ዘግይታ ገባች። እዚያ ምን ሥራ ያዘች መሰለሽ?»

«ኬክ ቤት።»

«መድኃኒት ቤት! ሀብታም ሲታመም በጥቂት በጥቂቱ እየመዘኑ ይሰጡት ነበር። መራራ መድኃኒትም እሷን እያለበሱ ያስውጡ ነበር። ከዚያ ረከሰች፣ ሁሉም ቤት ገባች። ከዚያ የፍቅር መጠሪያ ሆነች። ከዚያ ደግሞ ክፉ ነገርን አሳምሮ መናገር ሆነች። አሁን ደግሞ ስሚ።» ከፊታችን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ባልቴት አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ያወራሉ። ሹገር አለብኝ፣ እናቴንም የገደላት ሹገር ነው ይላሉ። «አየሽ? የኛም ሰው 'ስኳር አለብኝ' ነው የሚለው። ሳይመካከሩ፣ ሁለቱም በሽታውን በጣፋጩ ስም ጠሩት። ይቺ ቃል ከጀማል የበለጠ ሥራ ቀያይራለች።»

ጀማል የእህታቸው ልጅ ነው። ፓሎ አልቶ ፓርኪንግ፣ ማውንቴን ቪው ጥበቃ፣ አሁን ደግሞ ታክሲ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «መድኃኒት የነበረችበትን ዘመን አትርሺ» አሉኝ። «መራራውን ስኳር አልብሰሽ ብታስውጪ ጥሩ። መድኃኒቱን አውጥተሽ ስኳሩን ብቻ ከሰጠሽው ግን ገደልሽው።»

ይህን ሲሠሩበትም አይቻለሁ። የማንንም ስም አልጠራም። አንድ ጎልማሳ እናቱን ይዞ መጥቶ ኮሪደር ላይ ያዛቸው። «እትዬ፣ የእማዬ ልብ ደካማ ነው። ሐኪሙ ካንሰር ሲል እርስዎ ቁስለት ነው ይበሉልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ እዚያ የምገባው የተባለውን ሁሉ ልል ነው። አንተ አሁን ያልከውንም ለሐኪሙ እላለሁ።»

«ኧረ አያጋልጡኝ!»

«እንግዲያው አልሰማሁህም። ራስህ ንገረው፣ ቃልህን ሳልቀንስ አደርስልሃለሁ።»

ሲገቡ ሐኪሙን አስፈቅደው፣ ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ። በልተዋል? ከማን ጋር መጡ? ይቺ የራሳቸው ሕግ ነበረች፤ «ሆዱ ባዶ ለሆነ ሰው፣ ብቻውን ለሆነ ሰው፣ ለቆመ ሰው መርዶ አይነገርም» ይላሉ። ሴትየዋ በልተዋል፣ ተቀምጠዋል፣ ልጃቸው አጠገባቸው ነው። ሐኪሙ ተናገረ። እትዬ ዘሀራም ካንሰር የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀመጡት። ሴትየዋ ወደ ልጃቸው ዞሩና «አውቄዋለሁ እኮ!» አሉት። «ሰሞኑን ባየኸኝ ቁጥር ፈገግ ስትልብኝ ጊዜ፣ ምን ይዞኝ ነው ብዬ በፍርሃት አለቅኩ። ያንተ ፈገግታ ነው የገደለኝ።» ሥራው ካለቀ በኋላ እትዬ ዘሀራ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ፋርማሲው መድኃኒቱን እስኪያወጣ ከሴትየዋ ጋር ተቀምጠው ስለ ደሴ ብርድ አወሩ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ሲሞቱ ምን አደረግን? ለወንድማቸው ደበቅን።

ጋሽ ይመር ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ሳን ሆዜ ከጀማል ጋር ይኖራሉ፣ ስኳር አለባቸው። ያን ሰሞን እግራቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ከሆስፒታል ገና መውጣታቸው ነበር። እትዬ ዘሀራ በየጠዋቱ ይደውሉላቸዋል። «ስንት አለ?» ይላሉ፤ ጋሽ ይመር መሣሪያውን አይተው ያነቡላቸዋል፤ መርፌያቸውን ይወጋሉ፤ እትዬ ዘሀራ «በል ቢስሚላህ በል» ሲሏቸው ይበላሉ። እኔም መኪና ውስጥ በስፒከር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን «ካልደወልሽ አልበላም፣ እወቂው» ሲሏቸው «እንግዲህ አንተን ላበላ ስል መሞት ተከለከልኩ» አሏቸው።

ከቀብር ስንመለስ ጀማል ሁላችንንም ሰበሰበ። ዓይኑ አብጧል። «ጋሼ እንዳይሰሙ። ቁስላቸው ይጠግግ። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ በአግባቡ ይነገራቸዋል። ስልኳ ተበላሽቷል ብያለሁ፤ ለጥየቃ የሚመጣ ሰው ፈገግ ይበል።»

«እህታቸውን ሳይቀብሩ? እስከ መቼ ነው ስልክ የሚበላሸው?» አልኩ።

«አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው። መርዶ አታውቂም።»

ትልልቆቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ነው፣ አላውቅም። ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ የመኪናው ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ተቀመጠ። ደግሞ ሌላ ነገር ውስጤን ይበላኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ልይዘው አልቻልኩም።

እስከ እሁድ ጀማል ራሱ አጠገባቸው ሆኖ ያበላቸው ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሥራ ስለነበረው «ይህን ሾርባ አድርሺልኝ፣ ሳቅ በይ፣ ውጪ» ብሎ ቁልፍ ሰጠኝ። በሩን ስከፍት ከውስጥ «ዘሀራ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ይመር ሶፋው ላይ ናቸው። ግንባራቸው በላብ ርሷል። ስልካቸውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ጀማል ያስቀመጠላቸው ቁርስ እንደተከደነ ነው። ያን ጊዜ ውስጤን ሲበላኝ የነበረው ምን እንደሆነ ገባኝ።

«ጋሽ ይመር፣ መርፌዎን ተወግተዋል?»

«ተወግቻለሁ።» ምላሳቸው ተሳስሯል። «ትደውላለች... ስትደውል እበላለሁ።»

ጣታቸውን ወግቼ ለካሁ። ስኳራቸው ወርዷል። ፍሪጅ ውስጥ ጁስ የለም፤ የስኳር በሽተኛ ያለበት ቤት ነው፣ ጣፋጭ ተጠርጎ ወጥቷል። ካቢኔቱን ሁሉ ከፋፈትኩ፣ ስኒ ሰበርኩ፣ በመጨረሻ ለእንግዳ የተቀመጠ ስኳር አገኘሁ። ውሃ ውስጥ በጥብጬ አፋቸው ላይ ያዝኩ። «ይጠጡ፣ እባክዎ ይጠጡ!» በሌላው እጄ አምቡላንስ ለመጥራት ናይን ዋን ዋን ለመደወል ስልኬን ይዣለሁ። መዋጥ ያቅታቸው ይሆን? ይወድቁብኝ ይሆን? እስኪነቁ የጠበቅሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም ነገር ጠብቄ አላውቅም። ቀስ በቀስ ላባቸው ደረቀ፣ ዓይናቸው ጠራ። ደግሜ ለካሁ። ሽቅብ ወጥቷል። ያቺ ስደተኛ ቃል፣ እትዬ ዘሀራ እንዳሉት፣ ወደ ድሮ ሥራዋ ወደ መድኃኒትነቷ ተመለሰች።

ጋሽ ይመር እጄን አዩና «አንቺ ልጅ፣ ትንቀጠቀጫለሽ። አንቺም አለብሽ እንዴ?» አሉኝ።

ሾርባውን አቀረብኩ። በሉ። ከዚያ ማንኪያቸውን አስቀመጡና «ዘሀራ የት ናት?» አሉ።

በዚያው ሰዓት ከጀማል ቴክስት ገባ፤ «እንዴት ናቸው? ሳቅሽላቸው?» ይላል። ኩሽና ገብቼ ደወልኩለት።

«ጀማል፣ ና። አሁኑኑ።»

«ምን ሆኑ? ነገርሻቸው እንዴ?»

«አልነገርኳቸውም። መርፌ ተወግተው፣ የእትዬን ስልክ ሲጠብቁ ሳይበሉ ሊሞቱብህ ነበር። ና፣ ብቻቸውን ሆነው አይሰሙም።»

«መጣሁ» አለ፣ ድምፁ ተሰባብሮ።

እስኪመጣ ጋሽ ይመር ሁለተኛ አልጠየቁኝም። እኔም ፈገግ አላልኩም። ፊቴ መዋሸት እንደማይችል እህታቸው ነግረዋቸው ይሆናል። ጀማል ሲገባ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ወደ እኔ ዞሮ እንድነግራቸው በዓይኑ ለመነኝ። በልተዋል። ተቀምጠዋል። ሰው አለ። ከዚህ በላይ የምጠብቀው ምንም አልነበረም።

«ጋሽ ይመር» አልኩ። «እትዬ ዘሀራ ሞተዋል። ዓርብ ጠዋት፣ ቤታቸው፣ ልባቸው ቆሞ። ቅዳሜ ተቀብረዋል።»

«ሰገዱባት?» አሉ።

«መስጊዱ ሞልቶ ነበር፣ ጋሼ» አለ ጀማል።

«አፈር አለበስክልኝ?»

«በእጄ።»

ጭንቅላቱን ዳበሱት። ከዚያ ያሉትን እስከ ዛሬ መሸከም ያቅተኛል። «ስልኳ ተበላሸ ስትለኝ ጊዜ፣ ልጄ፣ ተቀይማኝ መስሎኝ ነበር። ምን ብያት ይሆን እያልኩ ነው ያደርኩት።»

ማልቀስ የጀመርነው ያኔ ነው፤ ሦስታችንም። ጀማልን አልወቅስም። ከፍቅር ነው ያደረገው፤ የሚያውቀውን መንገድ ነው የሄደው። ግን እናንተም ለአንድ ሰው የደበቃችሁት ነገር ካለ፣ እባካችሁ፣ ያ ሰው አሁን ምን እየጠበቀ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ።

እትዬ፣ ትናንት ጋሽ ይመርን በዊልቼር ገፍተን መቃብርዎ ድረስ አመጣንልዎ። ነፋስ ነበር፤ ጀማል ጃኬቱን አውልቆ ትከሻቸው ላይ ጣለ። እሳቸው ዱዓ አደረጉ። ከዚያ፣ ያን የመኪናውን ጥያቄዎን ነግሬያቸው ነበርና፣ «ማን ይነግረዋል እያልሽ ስትጨነቂ ነው የኖርሽው» አሉዎ፣ ሰምተዋቸው ይሆናል።

ቁርሳቸውን አያስቡ፤ አሁን በየጠዋቱ የምደውለው እኔ ነኝ። እንደርስዎ አልችልበትም። ሁለቴ ጠርቶ ካላነሱት ጫማዬን አድርጌ ቁልፍ ፍለጋ እሮጣለሁ። እሳቸው ሲያነሱት «አንቺ ችኩል፣ ሽንት ቤት ነበርኩ!» ይላሉ። ፍርሃቱ መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም። እርስዎ ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ እየፈሩ ነበር የሚደውሉት? ድምፅዎ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም።

ደህና ይረፉ፣ መምህሬ። ያ ፍሪዌይ ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ትናንት ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄድ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ ጮክ ብዬ መለስኩልዎ።

«እኔ፣ እትዬ። እኔ ነኝ የምነግረው።»